ቅዱስ አትናቴዎስና የ17 ዓመት ስደቱ

በየዓመቱ ግንቦት 7 ቀን ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳሳት የቅዱስ አትናቴዎስ ሐዋርያዊን ዕረፍት ታስባለች። ስሙ በስንክሳር ሲነበብ የሚሰማ ምእመን በኒቅያ ጉባኤ አርዮስን ተከራክሮ የረታ ሊቅ መሆኑን ያስታውሳል፤ ካህናትም በስሙ የሚጠራውን ቅዳሴ ሲቀድሱ ለሰንበተ ክርስቲያን ያለውን ፍቅር ያደንቃሉ። ነገር ግን ብዙዎቻችን የአርዮስ ነገር በኒቅያ ጉባኤ በአንድ ጊዜ ተቈርጦ ያለቀ ይመስለናል። እንደዚያ አልነበረም። ከጉባኤው በኋላ የመጣው ፈተና ከጉባኤው በፊት ከነበረው ይበልጥ ነበር። ቅዱስ አትናቴዎስ ከተሾመ ጀምሮ እስካረፈበት ቀን ድረስ በቈየባቸው 45 ዓመታት ውስጥ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰዶ፣ 17 ዓመት ያህል በባዕድ አገር፣ በገዳማት ዋሻና በመቃብር ቤት ኖሯል። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚሁ ስደት ነው። የዘመኑን ቍጥር የምናቀርበው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

አትናቴዎስ የተወለደው በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በእስክንድርያ ነው። ሕፃንነቱን ያሳለፈው በዲዮቅልጥያኖስ በተጀመረው የመከራ ዘመን ነበረ። ተፍጻሜተ ሰማዕት የተባለው ሊቀ ጳጳሳት ጴጥሮስ በ311 አንገቱ ሲቈረጥ አትናቴዎስ ነገሩን የሚያስተውል ብላቴና ነበር፤ እንግዲህ ስለ ሃይማኖት መሞት ለእርሱ በመጽሐፍ ያነበበው ታሪክ ሳይሆን በገዛ ከተማው ያየው ነገር ነው። ኋላም ሊቀ ጳጳሳቱ እለእስክንድሮስ አስጠግቶ አስተማረው፤ ዲቁና ሾሞ ጸሓፊው አደረገው። አርዮስ የተባለው የእስክንድርያ ቄስ ወልድን ፍጡር ነው ብሎ በማስተማር ምእመናንን በከፈለ ጊዜ፣ በ325 በኒቅያ ጉባኤ ሲሆን፣ ወጣቱ ዲያቆን አባቱን እለእስክንድሮስን ተከትሎ ሄደ። ሠለስቱ ምእትም ወልድ በባሕርየ መለኮቱ ከአብ ጋር ትክክል መሆኑን መስክረው አርዮስን አወገዙ። ሦስት ዓመት ቈይቶ እለእስክንድሮስ ሲያርፍ ሕዝቡ አትናቴዎስን መረጠ፤ በ328 በመንበረ ማርቆስ ተቀመጠ። ዕድሜው 30 ዓመት ያህል ስለ ነበር ጠላቶቹ ገና ከመነሻው ለሹመት ያልደረሰ ልጅ ነው እያሉ ያወሩበት ነበር።

የመጀመሪያው ችግር ብዙ አልዘገየም። አርዮስ በኒቆምድያው ጳጳስ በአውሳብዮስ አማላጅነት ከንጉሠ ነገሥቱ ከቆስጠንጢኖስ ዘንድ ይቅርታ አገኘ። ንጉሡም አርዮስን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዲቀበለው አትናቴዎስን አዘዘው። አትናቴዎስ የክርስቶስን አምላክነት የሚክድ ሰው ከምእመናን ጋር ሊቈርብ እንደማይችል መልሶ ጻፈ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ለጣዖት ዕጣን እንዲያጥን የታዘዘ ክርስቲያን የተጠየቀው ነገር ክሕደት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ አሳዳጁም አረማዊ እንደ ሆነ ግልጽ ነበር። አትናቴዎስን ግን የሚያዝዘው አብያተ ክርስቲያናትን የሚሠራ፣ ጳጳሳትን የሚያከብር፣ ስደትን ከክርስቲያኖች ላይ ያነሣ ንጉሥ ነው። የሚጠይቀውም ሰላምና አንድነት ነው። እንቢ የሚል ሰው የሰላም ጠላት ሆኖ ይታያል። እኛ እንደሚመስለን ይህ ዓይነቱ ፈተና ከሰይፍ ይልቅ ብዙ ሰው ጥሏል፤ በሰይፍ ፊት ጸንተው የነበሩ፣ የሰማዕትነት ጠባሳ በአካላቸው ላይ የነበረባቸው ጳጳሳት እንኳ በዚህ ተሸንፈዋልና።

በ335 በጢሮስ በተሰበሰበው ጉባኤ ላይ አትናቴዎስ ተከሰሰ። ክሱ ስለ ሃይማኖት አልነበረም። በሃይማኖት ቢከሱት የኒቅያን ውሳኔ ፊት ለፊት መንካት ስለሚሆንባቸው ነውሩን ከምግባሩ ፈለጉ። ኢስኪራስ የተባለ፣ ክህነቱ የማይታወቅ ሰው፣ የአትናቴዎስ መልእክተኛ ጽዋዬን ሰበረብኝ፣ መንበሬን ገለበጠብኝ ብሎ ከሰሰ። ከዚህም የባሰ፣ አርሳንዮስ የተባለውን ጳጳስ አስገድሎ እጁን ቈርጦ ለአስማት ሠራበት ተባለ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሓፊዎች እንደሚነግሩን ከሳሾቹ የደረቀ እጅ በሣጥን ይዘው ያሳዩ ነበር። አርሳንዮስ ግን በሕይወት ነበረ። በአንድ ገዳም ተሸሽጎ ከቈየ በኋላ የአትናቴዎስ ወዳጆች አፈላልገው በጢሮስ አግኝተውት ነበር። በጉባኤው መካከል አትናቴዎስ በልብስ የተሸፈነ ሰው አስገባና አርሳንዮስን የሚያውቁት እንዳሉ ጠየቀ፤ አሉ። የሰውየውን ፊት ገለጠ። ቀጥሎ አንደኛውን እጁን አሳየ፤ ጥቂት ቈይቶም ሁለተኛውን። እግዚአብሔር ለሰው ከሁለት እጅ በላይ ስላልፈጠረ፣ ተቈረጠ የተባለው ሦስተኛ እጅ ከየት እንደ ወጣ ከሳሾቹ እንዲያስረዱ ጠየቀ።

ይህን የሰማ ሰው ነገሩ በሣቅ ያለቀ ይመስለዋል። ከሳሾቹ ግን አስማት ነው ብለው ጮኹ፤ ፍርዱም አልተለወጠም። ስለ ጽዋው ለመመርመር የተላኩት ሰዎችም የተመረጡት ከጠላቶቹ ወገን ነበር። አትናቴዎስ ፍትሕ እንደማያገኝ ባወቀ ጊዜ በመርከብ ወደ ቍስጥንጥንያ ሄዶ ንጉሡን በፈረስ ሲመጣ በመንገድ ላይ አገኘውና ከሳሾቹ በፊቱ ቀርበው እንዲጠየቁ ለመነ። ንጉሡም ፈቀደ። እነ አውሳብዮስ ሲመጡ ግን የጽዋውንና የእጁን ነገር ትተው ሌላ ክስ አመጡ፤ ይኸውም አትናቴዎስ ከእስክንድርያ ወደ ቍስጥንጥንያ የሚጫነውን ስንዴ አስቀራለሁ ብሏል የሚል ነው። ያን ጊዜ አዲሲቱ ከተማ የምትበላው የግብፅን እህል ነበርና ክሱ ንጉሡን በሚያመው ስፍራ ነካው። አትናቴዎስ የአንድ ድኃ ጳጳስ ኃይል ለዚህ እንደማይበቃ ቢናገርም አልተሰማም። በግዞት ወደ ትሪየር፣ ዛሬ ጀርመን በምትባለው አገር ወዳለችው ከተማ፣ ተላከ።

ለግብፅ ሰው የትሪየር ክረምት ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ሆኖም የከተማዋ ጳጳስ መክሲሚኖስ በፍቅር ተቀበለው። ታላቁ አባ እንጦንስም፣ መጻሕፍት ያልተማረ ባሕታዊ ሲሆን፣ ከበረሃ ሆኖ ስለ አትናቴዎስ ለንጉሡ ይጽፍ ነበር፤ ንጉሡ ግን አልሰማውም። አርዮስ በ336 በቍስጥንጥንያ በድንገት ሞተ። በተከታዩ ዓመት ቆስጠንጢኖስ አረፈ፤ አትናቴዎስም በ337 መጨረሻ ወደ እስክንድርያ ተመለሰ።

ሁለተኛው ስደት የመጣው በቆስጠንጢኖስ ልጅ በቁንስጣንጢዮስ ዘመን ነው። በ339 በዐቢይ ጾም ወራት ጎርጎርዮስ የተባለ የቀጰዶቅያ ሰው በወታደር ታጅቦ በመንበረ ማርቆስ ላይ ተቀመጠ። አብያተ ክርስቲያናት ተደፈሩ፤ ደናግል ተገረፉ። አትናቴዎስ ወደ ሮም ሄደና ከሊቀ ጳጳሱ ከዮልዮስ ዘንድ ተጠጋ። በዚያም በተደረገው ጉባኤ፣ ኋላም በ343 በሰርዲቅያ በተሰበሰበው ጉባኤ ንጹሕነቱ ተመሰከረለት። ወደ ከተማው የገባው ግን በ346 ነው፤ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ መሆኑ ነው። ሕዝቡ 100 ምዕራፍ ያህል መንገድ ወጥቶ ተቀበለው ይባላል።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ዐሥር ዓመታት የዕረፍቱ ዘመን ናቸው። ብዙ ወጣቶች መነኰሱ፤ ጳጳሳት ከገዳማት ተመርጠው ተሾሙ። የእኛም ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ከዚህ አባት ጋር የተያያዘ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከጢሮስ ተነሥቶ ከወንድሙ ጋር በአክሱም ቤተ መንግሥት ያደገው ፍሬምናጦስ ለኢትዮጵያ ጳጳስ ይሾም ዘንድ ለመለመን ወደ እስክንድርያ በወረደ ጊዜ፣ አትናቴዎስ ከእርሱ የተሻለ እንደማያገኝ አስተውሎ ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ ላከው። እርሱም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ኢትዮጵያ ጳጳሳቷን ከዚያው መንበር ስታስመጣ ኖራለች።

ምዕራቡን ይገዛ የነበረው፣ ለአትናቴዎስ የሚደግፈው ንጉሥ ቁንስጣንስ በ350 ተገደለ። ቁንስጣንጢዮስም መንግሥቱን ሁሉ ብቻውን በያዘ ጊዜ ጳጳሳቱ ሁሉ አትናቴዎስን እንዲያወግዙ አስገደደ። ያልፈረመ ወደ ግዞት ይሄድ ነበር። የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ልብርዮስ በ355 ተጋዘ፤ ቈይቶ ግን ደክሞ ፈረመ። የእስጳንያው ሆስዮስ፣ በኒቅያ ጉባኤ ከታላላቆቹ አንዱ የነበረው፣ በአረማውያን ዘመን ስለ ክርስቶስ የታመነ አባት፣ ዕድሜው 100 ዓመት ገደማ ሲሆን ተጋዘ፤ አንድ ዓመት ያህል ከተጨነቀ በኋላ በ357 በስርምዮን ለአርዮሳውያን ጽሑፍ እጁን ሰጠ። ስለዚህ ሽማግሌ የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር የነገረን አትናቴዎስ ራሱ ነው። የጻፈውም በቍጣ አይደለም፤ ዱላውንና እርጅናውን፣ በዘመዶቹም ላይ የደረሰውን መከራ እያነሣ አዘነለት እንጂ።

በ356 ፌብሩዋሪ 8 ለ9 አጥቢያ ሌሊት አትናቴዎስ በቅዱስ ቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን ከሕዝቡ ጋር በማኅሌት ቆሞ ነበር። በማግሥቱ ቍርባን ነበርና ብዙ ሰው አድሯል። የጦር አለቃው ሱርያኖስ ከ5000 በላይ ወታደሮች ይዞ ቤተ ክርስቲያኑን ከበበ። ሕዝቡ ታወከ። አትናቴዎስ ግን በመንበሩ ላይ ተቀመጠና ዲያቆኑ በየሐረጉ የእግዚአብሔርን ምሕረት የሚያነሣውን መዝሙር 135ን እንዲያነብ፣ ሕዝቡም እየተቀበለ ወደየቤቱ እንዲወጣ አዘዘ። በሮቹ ተሰብረው ወታደሮቹ ሰይፍ መዝዘው ገቡ፤ ቀስት ተወረወረ፤ በግፊያና በሰይፍ ሰው ሞተ። ካህናቱና መነኰሳቱ እንዲወጣ ቢለምኑት ሕዝቡ ሳይወጣ አልነሣም አለ። አብዛኛው ከወጣ በኋላ መነኰሳቱ ይዘው ጐተቱት፤ በወታደሮቹ መካከል አሳልፈው አወጡት፤ አንድም ወታደር አላወቀውም። ከዚያች ሌሊት በኋላ ስድስት ዓመት የእስክንድርያ ሹማምንት ሊያገኙት አልቻሉም።

ወዴት ሄደ? መልሱ በግብፅ በረሃ ያሉ መነኰሳት ሁሉ ነው። ከአንዱ ገዳም ወደ ሌላው፣ ከዋሻ ወደ ዋሻ እያሳለፉ ሸሸጉት። በ360 የጦር አለቃው አርጤምዮስ እርሱን ፍለጋ እስከ አባ ጳኩሚስ ገዳም ድረስ ወጥቶ ሳያገኘው ተመለሰ። እነዚያ መነኰሳት አብዛኞቹ ስለ ባሕርይና ስለ አካል የተጻፈውን ክርክር አያነቡም ነበር፤ ሊቀ ጳጳሳቸውን ግን አሳልፎ የሰጠ አልተገኘም።

አባ እንጦንስ ያረፈው በዚያው በ356 ነው። ሊሞት ሲል ለሁለት ጳጳሳት ብቻ ውርስ ተወ። አንዱን የበግ ለምድ ለሰራፕዮን፣ ሌላውን ለአትናቴዎስ አለ፤ ደግሞም የሚተኛበትን ልብስ ለአትናቴዎስ እንዲመልሱለት አዘዘ። ያን ልብስ ከዘመናት በፊት አዲስ ሆኖ የሰጠው አትናቴዎስ ነበር፤ አሁን በባሕታዊው ገላ ላይ አርጅቶ ወደ ሰጪው ተመለሰ። የተባረረው ሊቀ ጳጳሳት ከመንበሩ ይዞት የሸሸው ሀብት አልነበረውም፤ ይህን አሮጌ ልብስ ግን እንደ ታላቅ ርስት ቈጥሮ እንደ ተቀበለው በጻፈው የእንጦንስ ገድል ውስጥ እናገኛለን።

ጠላቶቹ በዚህ ወራት የሰደቡት ስድብ ፈሪ ነው፣ መንጋውን ትቶ ሸሸ የሚል ነበር። ይህ ነገር ሳይነካው አልቀረም፤ ስለ ስደቱ ምክንያት አንድ መጽሐፍ ጽፏልና። ያዕቆብ ከዔሳው፣ ሙሴ ከፈርዖን፣ ዳዊት ከሳኦል፣ ኤልያስ ከኤልዛቤል ፊት መሸሻቸውን ያስታውሳል፤ ጌታም ከሄሮድስ ፊት ወደዚያችው ወደ ግብፅ መሰደዱን ያነሣል። ሰው የሞቱ ቀን ሳይታወቅ ራሱን ለገዳይ ማቅረብ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ደግሞ ማፈግፈግ ክሕደት ነው ማለቱ ነው። ነውር ካለም ነውሩ የሚያሳድደው እንጂ የሚሰደደው አይደለም ይላል። በእኛ አስተያየት የአትናቴዎስ መልስ የተሟላው በሕይወቱ ነው፤ ከመንበሩ ሸሸ እንጂ ከሃይማኖቱ አልሸሸምና። ይልቁንም ከተጻፉት መጻሕፍቱ ብዙዎቹ፣ ስለ መንፈስ ቅዱስ አምላክነት ለሰራፕዮን የላካቸው መልእክታት ጭምር፣ የዚያ የበረሃ ዘመን ፍሬዎች ናቸው።

ብዕሩ ስለት አልነበረውም አንልም። በመጀመሪያ ለቁንስጣንጢዮስ የጻፈው መከላከያ በአክብሮት የተሞላ ነው፤ ፍርድ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ተስፋው ሲቈረጥ ግን በሌላ ጽሑፍ ያንኑ ንጉሥ የሐሳዊ መሲሕ መንገድ ጠራጊ አድርጎ ጠራው። በዋሻ ሆኖ የካህናቱን መገረፍ ዕለት ዕለት የሚሰማ ሰው ቃሉ ቢመር የሚደንቅ አይደለም።

በዚያ ለንጉሡ በጻፈው መከላከያ ውስጥ ለእኛ ልዩ ዋጋ ያለው ነገር ይገኛል። ቁንስጣንጢዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና፣ ብዙዎች በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት አብርሃና አጽብሓ ከምንላቸው ጋር አንድ ናቸው ለሚሏቸው፣ የላከውን ደብዳቤ አትናቴዎስ ገልብጦ አኑሮልናል። ደብዳቤው ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ እጅ የተሾመ ስለ ሆነ፣ በእስክንድርያ በአትናቴዎስ ፈንታ ለተቀመጠው ለቀጰዶቅያው ጊዮርጊስ ቀርቦ እንዲመረመር በፍጥነት ይላክ የሚል ነው። ይህ ጊዮርጊስ ከሰማዕቱ ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ አርዮሳዊ ነው። እንግዲህ የሮም ንጉሠ ነገሥት አንድን የተሰደደ ሰው ሲያሳድድ እጁ እስከ አክሱም ድረስ ተዘርግቶ ነበር። አባ ሰላማ ተላልፎ ስለ መሰጠቱ የሚናገር ታሪክ የለም፤ ኢትዮጵያም በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸንታ ኖረች።

ቁንስጣንጢዮስ በ361 ሞተ፤ በእርሱ ፈንታ የነገሠው ዑልያኖስ ከሃዲ የተጋዙት ጳጳሳት ሁሉ እንዲመለሱ ፈቀደ። ፈቃዱ ከቸርነት አልነበረም፤ ክርስቲያኖች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ለማየት ነበር እንጂ። በ362 መጀመሪያ የተመለሰው አትናቴዎስ ያደረገው ሥራ ግን የንጉሡን አሳብ አፈረሰ። ጉባኤ ሰብስቦ፣ በማስገደድ ፈርመው የነበሩትን ሁሉ የኒቅያን ሃይማኖት ከመሰከሩ እንዲቀበሏቸው አስወሰነ። ስድስት ዓመት በዋሻ የተቀመጠ ሰው፣ በዚያው ዘመን በየመንበራቸው ተደላድለው የቈዩትን ፈራሚዎች ቅጣት ሊጠይቅባቸው ይችል ነበር። ንስሓና የሃይማኖት ምስክርነት እንጂ ሌላ አልጠየቀም። አለመስማማታቸው በቃል ብቻ የሆነውንም ወገኖች አሳባቸውን አስረድተው እንዲታረቁ አደረገ።

ዑልያኖስ ስምንት ወር አላቈየውም። በእርሱ ዘመነ መንግሥት የተከበሩ አረማውያን ሴቶችን ማጥመቁ ከሁሉ ይልቅ አበሸቀው፤ አትናቴዎስንም በቁመቱ ማነስ ሳይቀር እየናቀ ከግብፅ እንዲወጣ አዘዘ። የሚያለቅሱትን ወዳጆቹን ይህ ቶሎ የሚያልፍ ደመና መሆኑን ነግሮ አጽናናቸውና በዓባይ ወንዝ በጀልባ ወደ ላይኛው ግብፅ ሄደ። አሳዳጆች በኋላው መምጣታቸውን በሰማ ጊዜ ጀልባይቱን አዙሮ ወደ እነርሱ ቍልቍል ወረደ። ወታደሮቹ አትናቴዎስን አይተው እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ሩቅ አለመሆኑ፣ ፈጥነውም ቢቀዝፉ እንደሚደርሱበት ተነገራቸው። እነርሱ ሽቅብ ቀዘፉ፤ እርሱ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ ተሸሸገ። ዑልያኖስ በ363 በፋርስ ጦርነት ወደቀ፤ ዮብያኖስ ነግሦ አትናቴዎስን በክብር ተቀበለው፤ ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ ሞተ። አርዮሳዊው ዋሌንስ በ365 ጳጳሳቱን እንደ ገና ሲያሳድድ አትናቴዎስ 70 ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ሽማግሌ ነበር። አራት ወር ያህል ከከተማው ውጭ ባለው በአባቱ የመቃብር ቤት ተደብቆ ኖረ ይባላል። ሕዝቡ ስለ ታወከ ዋሌንስ ፈርቶ በ366 መጀመሪያ እንዲመለስ ፈቀደ። አምስተኛውና የመጨረሻው ስደት ይህ ነው።

የቀሩትን ሰባት ዓመታት በመንበሩ ላይ አሳለፈ። በየዓመቱ የትንሣኤን ቀን ለማስታወቅ መልእክት መላክ የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት ሥርዓት ነበርና፣ በስደት ሳለ እንኳ በተቻለው ጊዜ ይህን አላስታጐለም። በ367 በላከው መልእክት 27ቱን የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት በስማቸው ቈጥሮ ጽፎ ይገኛል።

በ373 በሜይ ወር መጀመሪያ፣ በእኛ አቈጣጠር ግንቦት 7 ቀን፣ በገዛ አልጋው ላይ አረፈ። ከማረፉ በፊት ጴጥሮስ የተባለውን የስደቱን ጓደኛ በመንበሩ እንዲተኩት አመለከተ። ብዙም ሳይቈይ የዋሌንስ ሹማምንት በወታደር መጥተው አርዮሳዊውን ሉቅዮስን በመንበሩ ላይ አስቀመጡ፤ ጴጥሮስም እንደ መምህሩ ወደ ሮም ሸሸ፤ በዚያም አምስት ዓመት ያህል ቈይቶ ተመለሰ። በ381 በቍስጥንጥንያ 150 ጳጳሳት ተሰብስበው የኒቅያን ሃይማኖት ባጸኑ ጊዜ አትናቴዎስ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር።